ሳጥኑ የረሳው ስም

ይህ የሆነ ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ድርሻ ነው። እኔ የምጽፈው የነገረችኝን ነው... የነገረችኝም በጠራራ ፀሐይ፣ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው።

ሰኞ። ነሐሴ አሥራ ስምንት ቀን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።

ቦታው ወረታ ነው። የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ የሚገነጠልበትን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከባጃጅ ተራው ጀርባ አንድ መስኮት ብቻ ያላት ጠባብ ቢሮ አለች።

ጨለማ አልነበረም። ጭር ያለም አልነበረም። ውጭ የጭነት መኪና ጥሩንባ ይነፋል፣ የሩዝ መፈልፈያው ያጓራል፣ ሰው ከሰው ይጯጯሃል።

ማስተዋል ሰውመሆን ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች።

ማስተዋል የአንድ የሩዝ አምራቾች ማኅበር ጸሐፊ ነበረች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ቁጡ ናት። እዚያ ቢሮ ወንበር የሚጎትት ሰው እንኳ መጀመሪያ ፊቷን አይቶ ነው የሚጎትተው።

ገበሬው ዘር ወይም ማዳበሪያ ፈልጎ ሲመጣ ስሙን መፈለጊያው ሳጥን ላይ ትጽፋለች። ገና አንድ ፊደል ስትነካ ሳጥኑ ከዚህ በፊት የተጻፉ ስሞችን ከሥሩ ደርድሮ ያቀርብላታል። ‘ይሄን ልትይ ነው?’ እንደማለት።

ያን ዕለት አቶ አበረ የሚባሉ ሽማግሌ ማዳበሪያ ሊወስዱ መጥተው ነበር። ማስተዋል "አ"ን ነካች።

ሳጥኑ አመጣ...

አለኸኝ መንግሥቴ።

አበረ አይደለም። አምሳልም አይደለም። ሁልጊዜ የሚቀድመው እሱ ነው።

ጠረጴዛውን በጥፊ አጮለችው።

"ምነው ልጄ?" አሉ አቶ አበረ ደንግጠው።

"እርስዎን አይደለም አባባ።"



ነገሩ እንዲህ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ነሐሴ ሃያ አራት ቀን፣ ታናሽ እህቷን ጥሩብርሃንን ቁሐር ሚካኤል በሚባለው መንደር፣ አባቷ ቤት ምጥ ያዛት። ክረምት ነው፤ የፎገራ ሜዳ ባሕር ሆኗል። ባጃጅ አይገባም። ቃሬዛ የተሸከመ ሰው አንገቱ ድረስ ይሰጥማል። ያንን ውሃ ሰንጥቆ የሚወጣ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአለኸኝ ትራክተር።

አባቷ አቶ ሰውመሆን በጠዋት ደወሉለት። "እመጣለሁ" አለ።

ረፋድ ላይ ደወሉ። "እየተነሣሁ ነው" አለ።

ስድስት ጊዜ ደወሉ። በሰባተኛው ስልኩ ተዘግቷል።

አለኸኝ ያን ቀን ወረታ ጠጅ ቤት ነበር። ጥሩብርሃን ፀሐይ ሳትጠልቅ ከነልጇ ሞተች።

ለቅሶ እንኳ አልደረሰም። ሽማግሌዎች "የእግዜር ሥራ ነው" አሉ። ሕግ ያውቃሉ የተባሉት ደግሞ "እመጣለሁ ብሎ የቀረ ሰው በምን ይከሰሳል?" አሉ። በዚያው ተዘጋ።

ለማስተዋልና ለአባቷ የቀራቸው ቁጣ ብቻ ነበር። አቶ ሰውመሆን በእሱ ነው ቆመው የሚሄዱት። "አለኸኝ ልጄን ገደላት" ሳይሉ የዋሉበት ቀን የለም። ይህን ሲሉ ወገባቸው ቀጥ ይላል።

እንግዲህ ያንን ስም ነው ማስተዋል በቀን ሠላሳ ጊዜ የምታየው።

ጎረቤት ኮምፒውተር የሚጠግነውን በእውቀቱን ጠራችው።

"ይሄን ስም አጥፋልኝ።"

"ከመዝገብ?"

"ከዓይኔ!"

በእውቀቱ ጎንበስ ብሎ አየ። "ቀላል ነው። በቀስቷ ወርደሽ ስሙ ላይ ቁሚ። ሺፍትን እንደያዝሽ ዲሊትን ጫኝ። መዝገቡ አይነካም። ሳጥኑ ብቻ ነው የሚረሳው።"

ጫነች።

ስሙ ጠፋ። ከሥሩ የነበሩት አንድ አንድ ደረጃ ከፍ አሉ።

"ሂድ" አለች በጥርሷ።

ማክሰኞ ጠዋት ቢሮዋን ከፈተች። "አ"ን ነካች።

አለኸኝ መንግሥቴ።

አጠፋችው።

ረቡዕ ጠዋት... ሁለት ሆኖ ጠበቃት። አንዱ ከአንዱ ሥር። ሁለቱንም አጠፋችና ወደ በእውቀቱ ሱቅ ሄደች።

"ለምንድን ነው የሚመለሰው?"

"ሰው ሲጽፈው ነዋ። ካልተጻፈ አይመለስም።"

"ቁልፉ እኮ እኔ ጋ ነው!"

"እንግዲያ የጻፍሽው አንች ነሽ።"

"እኔ? የዚያን ውሻ ስም እኔ ልጽፍ?"

በእውቀቱ ግራ ገብቶት አያት። "ቆይ... ሰውየው ግን ማነው?"

ማስተዋል የሚቀልድ መሰላት። እሁድ ዕለት እዚችው ሱቅ በር ላይ ከአለኸኝ ጋር ሲሳሳቁ በዓይኗ አይታለች። በዚህም ተናዳ ዋለች።

"እሁድ ስልኩን የጠገንህለት አይደለም?"

"እሁድ?" አለ። "እሁድ እኮ ለብቻየ ነው የዋልሁት።"

የሚቀልድ ሰው ፊት አልነበረም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ከበሩ ውጭ ጭቅጭቅ ሰማች።

"ማን ልበል?" ይላል ዘበኛው።

"ኧረ እኔ ነኝ! ምን ነካህ?"

"እኮ አንተ ማነህ?"

ዘበኛው ያንን ሰው አሥር ዓመት ያውቀዋል።

በሩ ተገፋ። አለኸኝ ገባ።

ከለቅሶው ወዲህ እሷ ባለችበት ገብቶ አያውቅም፤ ዘርና ማዳበሪያውን ሰው ልኮ ነበር የሚያስወስደው። አሁን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ዓይኑ ጎድጉዷል። ተቀመጥ ሳትለው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

"ማስተዋል..." አለ በሹክሹክታ። "አንች ታውቂኛለሽ አይደል?"

ጭቃ የለበሰ እግሩን አየች።

"ሰው ምን ነካው? ሰኞ የገዛ ውሻየ ጮኸብኝ። ማክሰኞ አብሮ አደጎቼን ሰላም ስላቸው ዞር አሉ። ትናንት..." ትንፋሽ አጠረው። "ትናንት እናቴ በር ላይ ቆማ ‘ማን ልበል?’ አለችኝ።"

ሰኞ... ማክሰኞ... ረቡዕ።

ያኔ ገባት። እንዴት እንደሆነ አልገባትም። ምን እየሆነ እንደሆነ ግን ገባት።

"እዚህ ላይ ማዘን ነበረብኝ" ብላ ነው የነገረችኝ። "አላዘንሁም።"

ቁጣው ከሆዷ ተነሥቶ ጆሮዋን ደፈነው።

"ያን ቀን ስንት ጊዜ ተደወለልህ?"

"ማስተዋል፣ በእናትሽ..."

"ስንት ጊዜ?"

"ስድስት።"

"ምን አልህ?"

"እመጣለሁ... አልሁ።"

"ታዲያ?"

አንገቱን ደፋ። "ልነሣ ስል... ልነሣ ስል መሸ።"

ልነሣ ስል መሸ! እህቷ ያለቀችው ለዚህ ነው። አንድ ሰው ከመቀመጫው ለመነሣት ስለሰነፈ።

"ስሜን ጥሪልኝ" አለ። እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል። "አንድ ሰው እንኳ ይጥራኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።"

እጇን ወደ ኮምፒውተሩ ሰደደች። "አ"ን ነካች።

አለኸኝ መንግሥቴ። አለኸኝ መንግሥቴ። አለኸኝ መንግሥቴ... ከላይ እስከ ታች፣ ሳጥኑ ሙሉ፣ ሌላ ስም የለም።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"አላውቅህም" አለችው።

ሺፍትን እንደያዘች ዲሊትን ጫነች። ጫነች። ጫነች። እስኪያልቅ።

ቀና ስትል ወንበሩ ባዶ ነው።

ከበሩ እስከ ወንበሩ የጭቃ ዱካ አለ። እርጥብ። ገና ውሃ ያዘለ።

ከወንበሩ ወደ በሩ የሚመለስ... አንድም የለም።

"ዘበኛ! አሁን የገባው ሰውየ በየት ወጣ?"

"ማን ገባ እትየ?" አለ ዘበኛው። "ዝናቡ ካባራ ወዲህ ማንም አልገባም።"

ማስተዋል ወለሉን ራሷ ወለወለችው። አልፈራችም። ያን ቀን ምሳዋን ጠግባ በላች።

እሁድ የጥሩብርሃን ሙት ዓመት ነበር።

ቁሐር በሰው ትከሻና በታንኳ ደረሰች። ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ሄደዋል። ጎረቤቱ ዳሱ ውስጥ ይበላል። አቶ ሰውመሆን ግን ከሰው ተለይተው መደቡ ጫፍ ላይ ኩርምት ብለዋል። በአንድ ሳምንት አሥር ዓመት ያረጁ ይመስላሉ።

አጠገባቸው ተቀመጠች። እርግማኑን ጠበቀች... አልመጣም።

"አባየ፣ ምነው ዛሬ ዝም አሉ? አልረገሙትም።"

"ማንን?"

"እሱን ነዋ። ባለትራክተሩን።"

"የምን ትራክተር ልጄ?" አሉ በቀስታ። "እኛ መንደር ትራክተር የት አለና?"



"ደውለውለት ነበር እኮ አባየ። ስድስት ጊዜ!"

"ለማን?" አሉ። "ማን አለኝ ብየ ልደውል? ልጄ በምጥ ስትጮህ እዚች መደብ ላይ ተቀምጨ ነበር። በጠዋት ተቀመጥሁ፤ ሲመሽም እዚሁ ነበርሁ። ማንንም አልጠራሁም..." መደቡን በመዳፋቸው መቱ። "እኔ ነኝ የገደልኋት።"

ከበስተኋላዋ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

"ምን ዓይነት አባት ነው?"

"አንድ ሰው እንኳ አልጠራላትም እኮ..."

ማስተዋል ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሣች። "አለኸኝ ነው!" ብላ ጮኸች። "አለኸኝ መንግሥቴ ነው የገደላት! ምን ሆናችኋል እናንተ?"

ሰው ሁሉ አያት።

አንዲት አሮጊት በሐዘኔታ ክንዷን ያዙ። "አለኸኝ ማነው የኔ ልጅ?"

ገዳዩ ጠፋ። የጥሩብርሃን ሞት ግን አልጠፋም። ሞቷ ባለቤት ፈለገ... አባቷን አገኘ።

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ የወረታን መንገድ ጀመረች። ቢሮ ገብታ ስሙን ሙሉውን ጻፈች። አለኸኝ መንግሥቴ። ኢንተር።

"እንዲህ የሚባል አባል የለም" አለ ኮምፒውተሩ።

እንደገና ጻፈች። እንደገና። ሳጥኑ ከጻፉለት ያስታውሳል ተብሎ የለም? ሃምሳ ጊዜ ጻፈች። መቶ ጊዜ። ጣቶቿ ደነዘዙ።

ከዚያ "አ"ን ብቻ ነካች።

አንድ ነገር መጣ። ከሁሉም በላይ፣ ከአበረም ከአምሳልም በላይ... ባዶ መስመር። ልክ የአንድ ስም ቁመት ያለው ነጭ ባዶ።

"በእውቀቱ! ይሄ ይታይሃል?"

"ምኑ?"

የወረቀቱን መዝገብ አወረደች። የአባሉ ተራ ቁጥር አለ። የአውራ ጣት አሻራውም አለ። የስሙ ቦታ ባዶ ነው። አሻራውን በጣቷ ነካችው...

ቀለሙ እርጥብ ነበር።

ኮምፒውተሩን በቡጢ መታችው። ገመዱን ነቅላ ወረወረችው። የጮኸችው በማን እንደሆነ እንኳ አላወቀችም። የሚሰደብ ሰው አጣች። ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ቁጣ አፏ ውስጥ አለ፤ የምትተፋበት ፊት ግን የለም። ያጠፋችው ራሷ ናት።

አቶ ሰውመሆን እህል መብላት ተዉ። ጳጉሜን አንድ ቀን ጎረቤቶች ከጎርፉ ውስጥ አወጧቸው። ውሃው ደረታቸው ደርሶ ነበር። ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ሰው የታቀፉ ይመስል፣ ቀስ እያሉ ወደ ጥልቁ ይሄዱ ነበር።

"የት ሊሄዱ ነው?" ቢሏቸው...

"ልጄን ላሻግራት ነው" አሉ።

ማስተዋል ይህን ስትሰማ አንድ ሰው ትዝ አላት።

የአለኸኝ እናት። ያንን ስም መልሶ ሊጠራ የሚችል አፍ ካለ የእሳቸው ነው።

ጳጉሜን ሦስት ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ እማማ ድንቅነሽ ቤት ሄደች። ቤቱ እዚያው ቁሐር፣ ከአባቷ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ሩዙ ዳር ነው። የአለኸኝ ጎጆ የነበረበት ቦታ ላይ ሣር በቅሏል። የቆየ ሣር፣ ቁጥቋጦ የጀመረ።

እማማ ድንቅነሽ ውሃው ጠርዝ ላይ ቆመዋል። ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው አንድ ነገር ይላሉ።

"አለ..."

ዝም።

"አለ..."

"ምን አለ እማማ?"

ዞር አሉ። "እንጃ ልጄ። አፌ ጠዋት ማታ ‘አለ’ ይላል። ምን እንዳለ ይጠፋኛል።"

"ልጅ ነበረዎት።"

"አልወለድሽም ነው የሚሉኝ። እኔም አልወለድሁም እላለሁ።" ጡታቸው ላይ እጃቸውን ጣሉ። "ታዲያ ይሄ ለምን ያመኛል?"

ማስተዋል ቀሪውን ታውቃለች። በዓለም ላይ የቀረች ብቸኛ አዋቂ እሷ ናት። ዝም ብትል ያልቃል። አባቷን አሰበች... የተዘረጉትን ሁለት እጆች።

"‘አለኸኝ’ ይበሉ እማማ።"

"ማን አለልኝና?"

"ይበሉት ብቻ!" አለች፤ እዚህም ላይ ተቆጣች።

እማማ ድንቅነሽ ወደ ውሃው ዞሩ። ትንፋሻቸውን ሳቡ።

"አለኸኝ!"

ሜዳው ጸጥ አለ። ወፍ የለም። ንፋስ የለም።

"አቤት!"

የወንድ ድምፅ ነው። ወፍራም። ቅርብ።

ማስተዋል ግራ ቀኝ አየች። ሩዝና ውሃ ብቻ ነው። ማንም የለም። ከዚያ ከንፈሯ ላይ ንዝረት ተሰማት... አፏን በእጇ ያዘችው።

ድምፁ የወጣው ከእሷ ነው።

እማማ ድንቅነሽ ፊታቸው በራ። ጉንጯን በሁለት እጃቸው ያዙ። "መጣህ? መጣህ የኔ ጌታ? ከስተህ የለም ወይ! የት ቆይተህ ነው?"

‘እኔ ማስተዋል ነኝ’ ልትል አፏን ከፈተች።

"አንተ!"

ከኋላዋ ነው። አባቷ ናቸው። ከጎርፉ ከወጡ ወዲህ ከአልጋ መነሣት ያቃታቸው ሰውየ ዱላቸውን ጥለው፣ ወገባቸው ቀጥ ብሎ፣ ድንጋይ ጨብጠው ይመጣሉ።

"አንተ ከሃዲ! ስድስት ጊዜ ደውየልህ ‘እመጣለሁ’ ያልህ! ልጄን የገደልህ!"

ድንጋዩ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ዓይናቸውን አየች። ዓይናቸው ሕያው ነበር።

‘አባየ’ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ብትለው ያውቋታል ይሆናል። ካወቋት ደግሞ... ወደዚያች መደብ ይመለሳሉ። ወደ ውሃውም ይመለሳሉ።

ዋጠችው። አጎነበሰች።

"ይቅር በሉኝ" አለች በዚያ ድምፅ።

"ሞቼ ነው ይቅር የምልህ!" አሉ። ተፉባት። ቀጥ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያን ቀን እህል ቀመሱ።

እኔ ቁሐር የሄድሁት ጥቅምት ላይ ነው፤ ለሥራ፣ የሩዝ ማሳ ልለካ። ለአገሩ እንግዳ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ማንንም አላውቅም። በቁምጣ ውሃ ውስጥ ቆማ ሩዝ የምታርም ሴት አየሁ። ሴት ናት፤ ዓይኔ አልዋሸኝም። መንደርተኛው ግን ሁሉ "አንተ" ይላታል።

እኔ "አንቺ" ስላት ደንግጣ ቀና አለች። ረጅም ጊዜ አየችኝ።

"እታይሃለሁ?" አለች በሹክሹክታ።

ከዚያ የማሳው ዳር ላይ ተቀምጠን ይህን ሁሉ ነገረችኝ።

"አባትሽስ?"

"ደኅና ናቸው። ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር ይረግሙኛል።" ፈገግ ለማለት ሞከረች። ጥርሷን ነከሰች። "እኔ ግን እናደዳለሁ። እሱ ምን ሆነ? አረፈ። እኔ ነኝ የምሰደብለት። እኔ ነኝ እናቱን የማበላለት። ሌሊት ሌሊት እንኳ የሚያመኝ የእሱ ጉልበት ነው። አየህ፣ አንድ ቀን ይመጣና..."

"አለኸኝ!"

ከወዲያ ማዶ፣ ከቤቱ በር፣ አሮጊቷ ናቸው።

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ፊቷ ላይ የነበረው ቁጣ እንደ መብራት ጠፋ። ተነሣች።

"አቤት እማየ!"

ድምፁ የወንድ ነበር።

ወደ ቤቱ ለመሻገር ሩዙ ውስጥ ገባች። ውሃው እስከ ጉልበቷ ነው። በፍጥነት ነው የምትራመደው፤ እግሯን እያነሣች፣ እየጣለች...

ውሃው ግን አልተናወጠም።